በርሜሉ ውስጥ ያለቁት ቆሮሶዎች

ጥያቄው የመጣው ወሎ ውስጥ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ነው፤ አጠገቧ ያለው ሐይቅም ስሙ «ሐይቅ» ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ 24 ዓመቴ ነው። በመንጠቆ አምባዛ እያጠመድኩ ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የገና ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ትል ግን ይጠፋል። ዘንድሮ ማባበያዬን ቀድሜ ልያዝ ብዬ 60 የሚሆኑ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩቶች ከሐይቁ አምጥቼ በር ላይ ባቆምኩት በርሜል ውስጥ ጨመርኳቸው። በረዶ ቦርቡረው የሚያጠምዱ ፈረንጆች ማባበያቸውን በቅዝቃዜ እንደሚያቆዩ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነበር። እኔም ከምግብ ቤቱ ፍሪጅ በረዶ እያመጣሁ ጨመርኩበት። እንዳይርባቸውም ጠዋት ጠዋት ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ በተንኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። የተረፉት በስህተት የገቡ ሁለት ትንንሽ አምባዞች ብቻ ናቸው። በጣሳ ያስቀመጥኩት ትልም ቀልጦ ሸተተ። ምን አጠፋሁ? ማባበያዬን እስከ ሁዳዴ በሕይወት እንዴት ላቆየው?»

ዓሣዎቹን የገደልካቸው በመንከባከብ ነው። በረዶውንም ፉርሽካውንም ባትጨምርባቸው ኖሮ ቢያንስ ግማሾቹ ሳይተርፉ አይቀሩም ነበር።

ከበረዶው እንጀምር። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ነገር ልክ ነው፤ ግን ለእነዚያ ዓሣዎች ነው ልክ የሆነው። እንደ ሚኒሶታና ፊንላንድ ባሉ ቦታዎች ክረምት ሲገባ ሐይቁ ላዩ ይጋገራል። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከበረዶው በታች ያለው ውሃ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ለማባበያ የሚይዟቸው ትንንሽ ዓሣዎች እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ናቸው። ብርዱ ያደነዝዛቸዋል፣ ትንፋሻቸው ይቀንሳል፣ ምግብም አይሹም። ስለዚህ ለሳምንታት ይቆያሉ። ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሚጨነቁት ውሃው እንዲቀዘቅዝ አይደለም። ባልዲው ራሱ በረዶ እንዳይሆንባቸው ነው የሚታገሉት። በፎም የተለበጠ ባልዲ የሚይዙት ለዚህ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ የሚያስገቡት ደግሞ ዓሣው እንዳይታፈን ነው። በረዶ ጣል የሚያደርግ ካየህም፣ ዓሣውን ሞቃት መኪና ወይም ቤት ውስጥ ሲያስገባ ውሃው በአንዴ እንዳይሞቅበት ብሎ ነው።

ቆሮሶ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን መብላት ያቆማል። 12 እና 10 አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። የእናንተ ሐይቅ ላይኛው ውሃ በብርዱ ወራት እንኳ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት በአንድ ሌሊት አይጥልም። በርህ ላይ የቆመው በርሜል ግን ይጥላል። ህዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ደሴና ኩታበር ላይማ ሳሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚነጋው። ታዲያ ሌሊት ብርድ የመታውን ውሃ ጠዋት በበረዶ ደገምክበት። ቀን ደግሞ ፀሐይ አሞቀው። በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ወርዶ የወጣ ውሃ ለዓሣ ሌላ ጭንቅ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ አምባዞች። ብዙ ሰው ይህን አይጽፍልኝም። አንተ ስለጻፍከው ግን የሞቱ ምክንያት ብርዱ ብቻ እንዳልሆነ ገመትኩ። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ተጨማሪ መተንፈሻ አለው። ውሃው ሲታፈን ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይመለሳል። በጭቃ ውስጥ የሚቆየው፣ ገበያ ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ ሰዓታት ሙሉ የሚንቀሳቀሰውም ለዚህ ነው። ቆሮሶ ይህ የለውም። ስለዚህ ያንተ በርሜል ውስጥ አየር አልቆ ነበር ማለት ነው። አፋቸውን ላይ አድርገው ሲያላምጡ አይተህ ከነበረ፣ ርቧቸው ሳይሆን ታፍነው ነው። አንተ ግን ርቧቸዋል ብለህ ፉርሽካ ጨመርክ።

እዚህ ላይ የወሎ ከፍታ የራሱ ጣጣ አለው። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው 7 ቢሆን ነው። ደሴ ከወጣህ ከዚያም ያንሳል። የቆላ ሰው «በአንድ ባልዲ 20 ዓሣ አቆያለሁ» ቢልህ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰድ። ቀንስለት።

በርሜሉም ለዚህ ሥራ አይመችም። ሰው 200 ሊትር ሲያይ ብዙ ውሃ ይመስለዋል። ኦክስጅን ግን የሚገባው በላይኛው ፊት ነው። የቆመ በርሜል አፉ ሩብ ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በታች ያለው ውሃ ከአየር ጋር አይገናኝም። ያንኑ በርሜል አስተኝተህ በቁመቱ ለሁለት ብታሰነጥቀው ሁለት ገንዳ ይወጣዋል፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ፊት ይኖራቸዋል። በአንዱ በርሜል አራት እጥፍ የአየር በር አገኘህ ማለት ነው። ሰፊ ሳፋ ከረጅም ጀሪካን የሚሻለውም በዚህ ነው። የኬሚካል ወይም የዘይት በርሜል ከነበረ ግን ምንም ብታጥበው አልመክርህም።

ፉርሽካውና እንጀራው ሌላ መዘዝ አመጡ። ዓሣ ቆሻሻውን በአብዛኛው የሚያስወጣው በስንጥቡ ነው፣ አሞኒያ አድርጎ። የበሰበሰ ምግብም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ በሁሉም ውሃ ውስጥ እኩል አይመርዝም። ፒኤቹ (የውሃውን ኮምጣጣነት የሚለካው ቁጥር፤ 7 መሐሉ ነው) 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው ነው መርዛማ። ፒኤቹ ወደ 9 ሲጠጋ ግን ከሩብ በላይ የሚሆነው መርዛማ ይሆናል። የእናንተ ሐይቅ ፒኤች ደግሞ ወደ 9 የሚጠጋ ነው። መውጫ ወንዝ የሌለው፣ ጨውና ማዕድኑን ይዞ የሚኖር ሐይቅ ነው። በሰፊው ሐይቅ ውስጥ አሞኒያው ስለሚበተን ችግር የለም። በ200 ሊትር ላይ 60 ዓሣና የሦስት ቀን ፍርፋሪ ሲጨመር ግን ሌላ ታሪክ ነው። አምባዛ ይህንንም ከቆሮሶ በተሻለ ይችለዋል።

«እንዲያውስ የቧንቧ ውሃ ልጠቀም?» እንዳትለኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያሉ የቆሮሶ ጫጩቶች ደከም ሲሉ አየሁና «ንጹሕ ውሃ ላግኝላቸው» ብዬ ቧንቧውን ለቀቅኩባቸው። ከሰዓት በኋላ በወንፊት ለቀምኳቸው። ክሎሪኑ ነው። የቧንቧ ውሃ የግድ ከሆነብህ በሰፊ ዕቃ ክፍቱን አንድ ቀን ሙሉ ይደር፤ አልፎ አልፎም በጣሳ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስሰው። ከዚያም በአንዴ አትገልብጠው። ከሐይቅ ውሃ ወደ ቧንቧ ውሃ ሲገቡ የሙቀቱም የፒኤቹም ልዩነት ያስደነግጣቸዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያልክ ቀላቅል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕያው ዓሣ ቤት ውስጥ ማቆየቱን ተው። ዘንድሮም፣ ለከርሞም። የምታጠምደው አምባዛ ከሆነ ደግሞ አያስፈልግህም። አምባዛ የሚያድነው በማሽተትና በጢሙ ነው፤ በተለይ ማታ። የሚወራጭ ዓሣ ካላየ አልነካም የሚል ኩሩ አይደለም። ለምታስረክብላቸው ምግብ ቤቶች የዓሣ ሆድ ዕቃ ቆሻሻ ነው፤ ላንተ ግን ማባበያ ነው። የዶሮ አንጀትና የጉበት ቁራጭም እንደዚያው። በጨው ነስንሰህ ጥላ ውስጥ ብታቆየው ጠንከር ይላል፣ መንጠቆ ላይም ቶሎ አይበጣጠስም። 60 የቆሮሶ ጫጩት አንድ ላይ ማንሳት ደግሞ አንተው ከርሞ የምትፈልገውን ዓሣ መልቀም ነው።

በሕይወት ማቆየት ያለብህ ትሉን ነው። ይህ ይቻላል፣ ርካሽም ነው። አብሽር።

ጣሳው ውስጥ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ትል ሳንባ የለውም፤ በቆዳው ነው የሚተነፍሰው። ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል፤ ውሃ ከተኛበትም ይታፈናል። ጣሳ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም፣ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። አንድ ትል ይሞታል፤ እሱ ሲበሰብስ ሌላውን ይመርዛል። በሁለት ቀን ውስጥ ሾርባ ይሆናል።

የእንጨት ሳጥን ፈልግ። የቲማቲም ወይም የብርቱካን ሳጥን ይበቃል፤ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ውስጡን በጆንያ ልበጠው። ታቹ ውሃ የሚያንጠፈጥፍ ይሁን። ከዚያ የተቀዳደደ ካርቶንና የከረመ እበት ቀላቅለህ ሙላው። የከረመ ስልህ ወራት የቆየ፣ ሽታው የጠፋና በእጅህ የሚፈረፈር ማለቴ ነው። ትኩስ እበት ውስጡ ይግላል፤ እጅህን ብትከተው ታውቀዋለህ፤ ትሎቹን ይቀቅላቸዋል። እርጥበቱን የምትለካው በጭብጥህ ነው። አፍሰህ ጨምቀው። አንድ ሁለት ጠብታ ከወረደ ልክ ነው። ከፈሰሰ ካርቶን ጨምር። ምንም ካልወጣው ውሃ እርጨው።

ትሉን ስትመርጥ ከማሳ የሚቆፈረውን ወፍራሙን ግራጫ ትል ተው። እሱ ጥልቅ አፈር ለምዷል፤ ሳጥን ውስጥ አይበረክትም። ከእበት ክምርና ከጓሮ ቆሻሻ ሥር የሚገኘው ቀጭኑ ቀይ ትል ነው የሚፈለገው። ያ በጥበት ይኖራል፣ ይራባልም። እንቁላሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ ለመውለድ የሚደርሰው በሁለት ወይም በሦስት ወር ነው። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ 300 ትል ይዞ የጀመረ ሰው ለገና ጾም አይቸገርም። አንተ ዘንድሮ ዘግይተሃል። በበጋ ትል ወደ ታች ስለሚወርድ በመስኖ በሚጠጣ አትክልት ዳርና በልብስ ማጠቢያ ፍሳሽ አካባቢ ፈልግ። መድኃኒት ከሚረጭ የጫት ማሳ ግን አንድም እንዳታነሳ። ትሉ እዚያ ቢተርፍ እንኳ ሳጥንህን ሊያበላሽ ይችላል።

ምግቡ ቀላል ነው፤ የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ። በወሎ የቡና አተላ አይጠፋም፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚወጣው ሁሉ ያንተ ነው። ቡናው በጨው የሚጠጣበት ቤት ከሆነ ግን ጨው ጀበናው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጠይቅ። ጨው ቆዳውን ያደርቀዋል። ወጥ የነካው እንጀራም በዚሁ ምክንያት አይሆንም፤ ጨውና በርበሬ አለው። ንጹሕ እንጀራም ኮምጣጣ ስለሆነ ብዙ አታድርግ። ሎሚና ብርቱካን አይግባ። የምድጃ አመድም አይግባ፤ ያቃጥላል። ያለፈውን ሳይጨርሱ አዲስ አትጨምር። እንደገና በፍቅር እንዳትገድላቸው።

ብርዱን በተመለከተ ለቀይ ትል የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ቢበርደው ቶሎ አይሞትም፤ መብላትና መራባት ነው የሚያቆመው። ሳጥኑን ማታ ማታ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፤ በጆንያ ሸፍነው። ምድጃው አጠገብ አታድርገው።  ጉንዳን ከመጣ ሳጥኑን ባለ አራት እግር ዱካ ላይ አድርገህ እያንዳንዱን እግር ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁመው። ዶሮ ካለህ ክዳን አድርግለት፤ ዶሮ አንድ ጊዜ ካወቀች በቃ።

ወደ ሐይቁ ስትወርድ ለዕለቱ የሚበቃህን 40 ወይም 50 ብቻ ይዘህ ሂድ። ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከራሱ ከሳጥኑ አፈር ጋር፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ያዘው። ታንኳው ላይ ፀሐይ እንዳያገኘው። የተረፈውን ወደ ሳጥኑ ስትመልስ የዛለውን አውጥተህ ጣል።

ለቆሮሶ በቀጭን መንጠቆ መሞከር ካማረህ ደግሞ ንብ አናቢ ጎረቤት ጠይቅ። አሮጌ ቀፎ ውስጥ ሰም የሚበላው ነጭ ትል አለ፤ የእሳት እራት ልጅ ነው። አናቢዎቹ ይረግሙታል። በረዶ ላይ የሚያጠምዱት ሰዎች ግን ገዝተው ነው የሚጠቀሙበት። ፉርሽካህ እዚህ ጋ ይጠቅምሃል። ክዳኑ በተበሳ ዕቃ ውስጥ በደረቅ ፉርሽካ መሐል ሆኖ፣ 15 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ከከተትከው ጠቁሮ ይሞታል። ከቀፎ አጠገብ ብቻ እንዳታስቀምጠው፤ ጎረቤትህን ታጣለህ።

ይህን ሁሉ አንብበህ «የለም፣ እኔ ሕያው ዓሣ ነው የምፈልገው» ካልክ ቢያንስ በርሜሉን ተውና ሐይቁን ራሱን ተጠቀም። ክዳን ያለው የቀርከሃ ቅርጫት ወይም በመረብ የተሠራ ሳጥን አዘጋጅ። ከ20 ያልበለጠ ዓሣ አስገባበት፤ አንድ ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው። መሬቱን አይንካ። በጣም ወደ ታችም አታውርደው። በብርድ ወቅት የጥልቅ ሐይቅ ላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል። ያኔ ከታች ያለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ይደፈርስና ወደ ላይ ሊመጣ ይችላል። በየቀኑ ሄደህ የሞተውን አውጣ። ምግብ አትስጥ፤ ለሳምንት ጾሙን ይችለዋል። ከሳምንት በላይ ግን አታቆይ።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ከጎረቤቱ ከአርድቦ ሐይቅ ይዘህ ሐይቅ ላይ፣ ከሐይቅም ይዘህ ሌላ ቦታ እንዳትለቅ። የተረፈ ማባበያ ሌላ ውሃ ውስጥ መድፋትም ያው ነው። ዓሣው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ተውሳኩና በሽታው አብሮት ይሄዳል። በረዶ ላይ በሚያጠመድባቸው ብዙ ቦታዎች ማባበያ ሐይቅ ውስጥ መድፋት በሕግ የተከለከለ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አጥማጁ ከሐይቁ ሲወጣ የባልዲውን ውሃ መቀየር፣ የማይፈልገውን ማባበያ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ መጣል አለበት። የራሳችን ሐይቅም ምስክር ነው። ቆሮሶ ለሐይቅ ባዳ ነበር። በሰው እጅ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በእሱ ይተዳደራል፤ አልጠላውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ዓይነት ተለውጧል፤ የውሃውም ጥራት እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ጊዜ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም። አገሪቱም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት። ሕያው ዓሣ ከማንቀሳቀስህ በፊት የተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትን ጠይቅ።

ሁለቱ አምባዞች ከዚያው ከሐይቁ የመጡ ስለሆኑ መመለስ ትችላለህ። መጀመሪያ ገላቸውን እይ። ቁስል ወይም እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካለባቸው አትመልሳቸው፤ ቅበራቸው። ደህና ከሆኑ ከሰዓት በኋላ፣ ውሃው ሞቅ ሲል፣ በባልዲ ይዘሃቸው ውረድ። የበርሜሉን ውሃ ሐይቁ ውስጥ አትድፋ። በየአምስት ደቂቃው አንድ ጣሳ የሐይቅ ውሃ ባልዲው ላይ ጨምርላቸው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባልዲው ከሞላ፣ ባልዲውን ሐይቁ ውስጥ አታዘንብል፤ ሁለቱን በእጅህ አውጥተህ ልቀቃቸውና ውሃውን ወደ ኋላ ተመልሰህ ደረቅ መሬት ላይ ድፋው።